ደን በለበሰ ኮረብታ ላይ የዕይታ ቦታ ከካርታ እንዴት ይለያል? ፏፏቴና ዋሻስ?

መንገድ_ፈላጊ፦

ሰላም ለቤቱ። በሚመጣው ወር አራት ሆነን ደን ወደለበሰ ኮረብታማ አካባቢ ለሁለት ቀን ልንሄድ ነው። በእጃችን ያለው 1፡50,000 የወረቀት ካርታ (ኮንቱሩ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር፣ በየ20 ሜትር ነው)፣ ስልክ ላይ የወረደ ካርታና አንድ ኮምፓስ ነው። ማየት የምንፈልገው ሸለቆውን ከላይ የሚያሳይ አፋፍ፣ አለ የሚባል ግን ካርታው ስሙን ያልጻፈው ፏፏቴ፣ ከተሳካም ዋሻ።

ግራ የገባኝ ይኼ ነው። ካርታው በሦስት ማዕዘን ምልክት ያደረገባቸው ከፍተኛ ቦታዎች በሳተላይት ምስል ሲታዩ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ናቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አቀበት ወጥተን ግንድ አይተን እንዳንመለስ ፈራሁ። ሳይሄዱ በፊት የትኛው ቦታ ዕይታ እንዳለው መለየት ይቻላል? ሰዓቱንስ በምን እናስላ? ጫካ ውስጥ ጂፒኤስ ምን ያህል ይታመናል?

ኮንቱር፦

ፍርሃትህ ልክ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑን እርሳው። ያ ምልክት ለቀያሽ እንጂ ለጎብኚ የተቀመጠ አይደለም። ደን ባለበት መሬት ከፍታ ሌላ፣ ዕይታ ሌላ። የኮረብታ አናት ብዙውን ጊዜ ክብና ሰፊ ነው፤ አፈሩ ስለማይሸረሸር ይጠልቃል፣ አፈር ከጠለቀ ዛፍ ይቆማል። አንተ የምትፈልገው ዛፍ መቆም ያቃተውን ቦታ ነው፤ አፈሩ ሳስቶ ዓለቱ ያገጠጠበት፣ ወይም ከፊትህ ያለው መሬት በድንገት ወርዶ የታችኞቹ ዛፎች አናት ከዓይንህ በታች የሚቀርበት።

ምን ያህል ቢወርድ ይበቃል? ዛፎቹ 20 ሜትር ናቸው እንበል፤ ዓይንህ ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ነው። ቁልቁለቱ 45 ዲግሪ ከሆነ መሬቱ በሄደበት ልክ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከ18 ሜትር በላይ የራቁት ዛፎች አናታቸው ከዓይንህ በታች ይቀራል፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን ይጋርዱሃል። 45 ዲግሪ ደግሞ እጅ የሚያስነካ ቁልቁለት ነው! በሌላ አነጋገር ተራ ዳገት ዕይታ አይሰጥም። ወይ ቀጥ ያለ ገደል፣ ወይ እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ከፊትህ 20 ሜትር ያህል የተራቆተ መሬት ያስፈልግሃል።

አሁን ወደ ካርታህ። በ1፡50,000 አንድ ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው። ሁለት ኮንቱር በአንድ ሚሊ ሜትር ከተራራቁ ቁልቁለቱ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደን በምቾት ይቆምበታል፣ እለፈው። ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲጠብ 45 ዲግሪ ደረሰ ማለት ነው። መስመሮቹ ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር ሲመስሉ ገደል ነው። የሚፈለገው ቅርጽ እንዲህ ነው፤ መስመሮቹ ተራርቀው ይመጡና (ለጥ ያለ መሬት) ድንገት ይጣበቃሉ፣ ያውም ተረተሩ እንደ አፍንጫ ወደ ሸለቆው በወጣበት ጫፍ ላይ። አፍንጫው ላይ የቆመ ሰው በሦስት በኩል ያያል፤ ጎን ላይ የቆመ በአንድ በኩል ብቻ።

ከዚያ የሳተላይት ምስሉን ክፈትና አመሳክር። አብዛኛው ምስል የሚነሳው ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ፀሐይዋ ገና በምሥራቅ በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚያይ ገደል ጥላውን ስለሚጥል ጥቁር ቀበቶ ሆኖ ይታያል። ወደ ምሥራቅ የሚያየው ግን በርቶበት ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ብቻ ስለሚሆን በቀላሉ ያመልጣል። ጥቁሩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ገደል ሳያይ ይቀራል።

በየ20 ሜትር የተሰመረ ካርታ 15 ሜትር ገደልን በሁለት መስመር መሀል ሊውጠው እንደሚችል አትርሳ። ካርታው ዝም ያለበት ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ጉም_ገፋፊ፦

ከእኔ በፊት «ኮንቱር» የጻፈው ሁሉ ለወረቀቱ ካርታ ይሠራል። የስልኩ ካርታ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ብዙዎቹ የስልክ ካርታዎች ኮንቱራቸውን የሚስሉት በየካቲት 2000 (እንደ ፈረንጆቹ) ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በ11 ቀን በተደረገ የራዳር ልኬት ነው። ያ ራዳር ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲገጥመው እስከ መሬት አይደርስም፤ ከቅጠሉ መሀል ይመለሳል። ስለዚህ የሚሰጠው ከፍታ የመሬቱ ሳይሆን የደኑ ነው።

ይህ ሁለት ስህተት ያመጣል። አንደኛ፣ ደኑ አልቆ ሜዳ የሚጀምርበት ድንበር ላይ የሌለ ደረጃ ይሠራል፤ መሬቱ ልሙጥ ሆኖ ሳለ ኮንቱሩ ተጠጋግቶ አፋፍ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ልኬቱ በየ30 ሜትር ስለሆነ እውነተኛውን ገደል ያለሰልሰዋል። ቀጥ ብሎ 30 ሜትር የሚወርድ ገደል በስልኩ ላይ ተራ ቁልቁለት መስሎ ሊታይ ይችላል። ሐሰተኛውን ይሠራል፣ እውነተኛውን ይሰውራል! ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የተጠጋጋው ኮንቱር ከደኑ ድንበር ጋር በትክክል እየተከተለ ከሄደ ተጠራጠሩት።

ጊዜን በተመለከተ፣ መነሻ የሚሆነው ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት ነው፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ለምሳሌ 7 ኪሎ ሜትር ከ480 ሜትር ዳገት ጋር ብትሄዱ 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሲደመር 48 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ከ12 ይመጣል። ይህ ግን ለጥሩ መንገድና ለማይቆም ሰው ነው። በጠባብ የጫካ መንገድ በአንድ ተኩል አባዙት፤ 3 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። መንገድ በሌለበት ስሌቱን ተዉት፤ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጎበዞች ናችሁ። ሲመለሱ ቁልቁለት ስለሆነ በግማሹ ጊዜ እንደርሳለን የሚባለውም አይሠራም። እርጥብ ቅጠል ያለበት ቁልቁለት ከዳገቱ እኩል ጊዜ ይበላል።

ብርሃኑ ደግሞ የቦታውን ያህል ወሳኝ ነው። ወደ ምዕራብ የሚያይ አፋፍ ላይ ጠዋት ድረሱ፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ሸለቆውን ታበራላችኋለች። ወደ ምሥራቅ ለሚያየው ከሰዓት በኋላ። ገልብጣችሁ ብትሄዱ የምታዩት ነጭ ጭጋግ ነው፣ ካሜራውም ከእናንተ የተሻለ አያይም።

ጉሙንም አስሉት። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆ ይወርድና ጉም ይሆናል። ንጋት ላይ አፋፉ ላይ ያለ ሰው ከበታቹ ነጭ ባሕር ያያል፤ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው አሥር ሜትር ላያይ ይችላል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ፣ ብዙ ጊዜ ከወጣች ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ውስጥ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ እርጥብ ነፋስ ዳገቱን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ደመና ይሆንና አናቱን ይሸፍናል። ያኛው እስኪነሳ ልጠብቅ ብትሉ እስኪመሽ ትጠብቃላችሁ።

ስለ ርቀት ለማወቅ ለሚወድ፦ ከሜዳው በላይ ያላችሁበትን ከፍታ በሜትር ውሰዱ፣ ካሬ ሩቱን በ3.57 አባዙ፤ አድማሱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። 400 ሜትር ላይ 71 ኪሎ ሜትር ነው። አቧራና ጭስ ካለ ሩቡንም አታዩም፤ ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ ያለው ጠዋት አየሩን አጥቦ ስለሚጠብቅ እሱን አታባክኑት።

መንገድ_ፈላጊ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የስልኩ ኮንቱር ጉዳይ ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ፏፏቴውን ከላይ ነው ከታች ነው መቅረብ የሚሻለው? ደግሞ ፀሐይ ለመጥለቅ የቀራትን ጊዜ በጣት መለካት፣ አንዱ ጣት 15 ደቂቃ የሚባለው እውነት ነው?

ጅረት_ዳር፦

ከጣቱ ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። በተዘረጋ ክንድ አንድ ጣት 2 ዲግሪ ገደማ፣ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች። ወደ ምድር ወገብ በቀረበ አገር ቀጥ ብላ ስለምትወርድ አንድ ጣት 8 ደቂቃ፣ አንድ ቡጢ 40 ደቂቃ ነው። የ15 ደቂቃው ሕግ የሚጠጋው ፀሐይ አግድም ተንሸራታ በምትጠልቅበት ከምድር ወገብ በራቀ አገር ነው። እዚያ የተለመደውን እዚህ ያመጣ ሰው ጊዜውን በእጥፍ ያስላል። ለምድር ወገብ በቀረባችሁ መጠን ድንግዝግዙም ያጥራል፤ ፀሐይ ከጠለቀች 20 ደቂቃ ቢሆነው ነው። ከዛፍ ሥር ደግሞ ገና ሳትጠልቅ ይጨልማል። በምዕራብ በኩል ሌላ ኮረብታ ካለ ከእሱ አናት እንጂ ከአድማሱ አትለኩ።

ፏፏቴ፦ በካርታ ላይ ጅረቱ የተጣበቁ ኮንቱሮችን የሚቆርጥበት ነጥብ ነው። ኮንቱር ጅረት ሲያቋርጥ ሹሉን ወደ ላይኛው የውሃ አቅጣጫ ያዞራል፤ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ ከዚያ ታውቃላችሁ። ከታች ቅረቡ። ከላይ ሲቀርቡ አደገኛው የመጨረሻው አሥር ሜትር ነው። ውሃው የላሰው ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ዓይን የማያየው ልጋግ አለ፤ ደረቅ የሚመስለውም ጠርዝ የጤዛና የርጭት እርጥበት አለበት። ጅረቱን መሻገር ካለባችሁ የፏፏቴው አፍ ከሚታይበት ቦታ አትሻገሩ፤ እግር ቢከዳ ለመያዝ የሚሆን ርቀት ይኑር።

ከታች ሲደርሱም ሥሩ ድረስ አይገባም። ብዙ ፏፏቴ የሚፈጠረው ጠንካራ ዓለት በለስላሳ ላይ ሲተኛ ነው፤ ውሃው ለስላሳውን እየበላ ላዩን ዓለት ባዶ ላይ ያንጠለጥለዋል። ከበስተ ጀርባው ያለችው ዋሻ መሰል ጎድጓዳ የዚሁ ሥራ ናት። በሥሩ የተከመረው ትልልቅ ቋጥኝ ከየት እንደመጣ ቀና ብላችሁ ካያችሁ ይገባችኋል።

ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስትሆኑ የላይኛው ዝናብ የእናንተም ነው፤ በላያችሁ ሰማዩ ጠርቶ ሊሆን ይችላል። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ድምፁ ከወፈረ ዕቃ አትሰብስቡ፣ ወደ ጎን ውጡ። ውሃው በድንገት መቀነሱም ደግ ምልክት አይደለም፤ ከላይ የሆነ ነገር ገድቦት ሊሆን ይችላል። ስትገቡ በየመቶ ሜትሩ በየት በኩል መውጣት እንደሚቻል እያያችሁ ሂዱ።

ቀስተ ደመናውን ለማየት ፀሐይ ከጀርባ ትሁን። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ቀስቱ ከዓይን ደረጃ በታች ስለሚወርድ የሚታየው ወደ ታች ወደ ርጭቱ ለሚመለከት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥሩ ላይ ቆሞ ማየት የሚፈልግ ጠዋት ማልዶ ወይም ወደ ማታ ይምጣ።

ዋሻ ካገኛችሁ፦ የኖራ ድንጋይ ባለበት አካባቢ ጅረት ካርታ ላይ ድንገት ሲጠፋ፣ ወይም ወደ ውስጥ ጭረት ያለው ዝግ ኮንቱር (የጎድጓዳ መሬት ምልክት) ሲኖር መፈለግ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ጣሪያውን በባትሪ እዩ። ጣሪያው ላይ ቅጠልና ጭቃ ተለጥፎ ካያችሁ ውሃ እዚያ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው፤ ዝናብ ባለበት ቀን አይገባም። የሌሊት ወፍ ኩስ በብዛት ካለ ደግሞ አፍ ላይ ቁመው ይመለሱ። ኩሱ ላይ የሚያድግ ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ሲቦን ወደ ሳንባ ይገባል፣ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ያሉባቸው ዋሻዎችም ከማርበርግ ቫይረስ ጋር በተደጋጋሚ ተያይዘዋል። ለመግባት ከወሰናችሁ በነፍስ ወከፍ ሦስት መብራት፤ የስልክ መብራት አይቆጠርም።

ተረተር_ወራጅ፦

ሁሉም ስለ መውጣት ጻፈ፤ ሰው የሚጠፋው ግን ሲወርድ ነው። ምክንያቱ የመሬቱ ቅርጽ ነው። ስትወጡ ተረተሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አናት ይሰበሰባሉ፣ ብትስቱም ከፍ ማለታችሁ ያቃናችኋል። ስትወርዱ ይበተናሉ። አናቱ አጠገብ 20 ሜትር ወደ ጎን የሳተ ሰው ታች ሲደርስ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስለዚህ በየመገንጠያው ስትወጡ ዞር በሉና ወደ ኋላ ፎቶ አንሱ። ሲመለሱ የሚያዩት ያንን ገጽታ ነው፣ የፊቱን አይደለም።

የጠፋ ሰው ጅረት ይከተል የሚለውን ምክር ገደላማ ኮረብታ ላይ አትስሙ። ጅረት በአጭሩ መንገድ ይወርዳል፤ አጭሩ መንገድ ፏፏቴ ነው፣ ወርዳችሁ መመለስ የማትችሉበት ቦታ ታደርሳችኋለች። ወደ ተረተሩ ተመልሳችሁ የመጨረሻውን የምታውቁትን ቦታ ፈልጉ።

የእንስሳ ዱካና የሰው መንገድ ጫካ ውስጥ ይመሳሰላሉ። መሬቱን ሳይሆን ቅርንጫፉን እዩ። ሰው የሚሄድበት መንገድ እስከ ራስ ከፍታ ክፍት ነው። ከታች የተጠረገ መስሎ ቅርንጫፉ ደረትና ሆድ ላይ የሚመታችሁ ከሆነ የተከተላችሁት እንስሳ ነው፤ ወይ ውሃ ዳር ወይ ቁጥቋጦ ውስጥ ያበቃል።

ጂፒኤስ፦ ጫካ ከመግባታችሁ በፊት ገላጣ ቦታ ላይ አብሩትና ቦታውን እስኪይዝ ጠብቁ። ሳተላይቱ የራሱን ትክክለኛ መንገድ የሚናገርበት መልእክት 30 ሰከንድ ይፈጃል፣ ያውም ሳይቆራረጥ መሰማት አለበት። ኢንተርኔት ካለ ስልኩ ይህን ከመረቡ ያመጣዋል፤ ከሌለ ከሰማይ መጠበቅ ነው፣ ከቅጠል ሥር ደግሞ 30 ሰከንድ ሳይቆራረጥ ማግኘት ችግር ነው። አንዴ ከያዘ በኋላ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። ጂፒኤሱ አይጠፋም፤ ባትሪውን የሚጨርሰው ኔትወርክ ፍለጋው ነው። ሜዳ ላይ 5 ሜትር የሚስት ስልክ ከእርጥብ ቅጠልና ከገደል ግድግዳ አጠገብ ብዙ አሥር ሜትር ሊስት ይችላል፣ ሞገዱ ከዓለቱ ነጥሮ ስለሚመጣ። አፋፍ አጠገብ «ነጥቡ ገና 15 ሜትር ይቀረዋል ይላል» ብሎ በስልክ መራመድ ስለዚህ ሞኝነት ነው።

አፋፉ ላይ ስትደርሱ ኮምፓሱን ተጠቀሙበት። ሁለት የታወቁ ጫፎች ላይ አቅጣጫ ለኩ፣ የመግነጢስ ልዩነቱን (ኮምፓሱ በሚያሳየው ሰሜንና በካርታው ሰሜን መሀል ያለውን) አስተካክሉ፣ ካርታው ላይ መስመር አስምሩ፤ የሚገናኙበት እናንተ ያላችሁበት ነው። ሁለቱ መስመሮች ወደ ቀጥተኛ ማዕዘን ቢጠጉ ይሻላል። የአንድ ዲግሪ ስህተት በኪሎ ሜትር 17 ሜትር፣ በ10 ኪሎ ሜትር 175 ሜትር ነው። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ከኮምፓሱ ይራቅ።

ስለ ራሱ ስለ ጠርዙ፦ ከጎን በኩል ሄዳችሁ ከሥሩ ባዶ መሆን አለመሆኑን ሳታዩ አትጠጉ። ሣርና የወደቀ ቅጠል ከዓለቱ አልፎ ባዶ አየር ላይ ምንጣፍ ይሠራል። ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ የአፈር ስንጥቅ ካለ ከስንጥቁ ወዲያ ያለው መሬት ወድቋል ብላችሁ ቁጠሩት፣ ቀኑ አልደረሰም እንጂ። ቆሞ ማየት ከፈለጋችሁ የቁመታችሁን ያህል ራቁ፤ ወደ ታች ማየት ከፈለጋችሁ በደረት ተኙ። ነጎድጓድ ካለ ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ አፋፉን ልቀቁ።

መንገድ_ፈላጊ፦

ካርታውን በመስታወት አየሁት። ከሦስት ማዕዘኑ ደቡብ ምዕራብ 18 ሚሊ ሜትር ላይ ተረተሩ ወደ ሸለቆ ወጣ ይላል፣ ጫፉ ላይ አራት መስመር ተጣብቋል። የሳተላይቱ ምስል እዚያው ላይ ጥቁር ቀበቶ አለው። ይሄ ነው?

ኮንቱር፦

ይመስላል። 18 ሚሊ ሜትር 900 ሜትር ነው፤ አራት የተጣበቁ መስመሮች ማለት ቢያንስ 60፣ ቢበዛ 100 ሜትር የማይሞላ ገደል ነው። ደቡብ ምዕራብ ስለሚያይ የጠዋት ነው፤ ጉሙ ከተነሳ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ውስጥ ብትደርሱ ጥሩ። ከታች በኩል አትሞክሩት፤ ተረተሩን ይዛችሁ ከላይ ግቡ። የመጨረሻውን 200 ሜትር በአንድ መስመር፣ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ፣ ዝግ ብላችሁ ሂዱ። ዛፎቹ እያጠሩ፣ በግንዶቹ መሀል ሰማይ በደረት ከፍታ መታየት ሲጀምር ጠርዙ ቀርቧል። ስልኩ ሌላ ቢልም እዚያ ቁሙ።

ጉም_ገፋፊ፦

የመመለሻ ሰዓታችሁን ሳትነሱ ወረቀት ላይ ጻፉና አንዱን ቅጂ ለማይሄድ ሰው ስጡ። ሰዓቱ ሲደርስ አፋፉ 300 ሜትር ቢቀረውም ዙሩ፤ በማግስቱ ሌላ ቀን አላችሁ።

መንገድ_ፈላጊ፦

ሦስት ማዕዘኑ ከዝርዝሩ ወጥቷል። በመጀመሪያው ቀን ፏፏቴው፣ በሁለተኛው ጠዋት አፍንጫው። ስንመለስ የጥቁሩን ቀበቶ እውነተኛ ከፍታ እጽፍላችኋለሁ።